ሠላሳ አንድ ተኩል

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ገመዴን ወጥሬ፣
የቲኬቱን ጥራዝ ባንገቴ አስሬ፣
ሁለት ባሕር ዛፍ ነው የእኛ ሜዳ በር፤
ፍየልም ሲሻገር ያምረኛል መቁጠር።
ለአንድ ቀን ጨዋታ ያሳተሙት ጥራዝ
ይኸው ሦስት ወሩ፣ ከእኔው ጋር ሲጓዝ።

ልጆቹ አሥራ ሰባት፣ ከዚያ በታች ናቸው፤
ከፊሉ ጫማውን ከወንድም ወርሰው።
በረኛው ኑርዬ እጁ ሰፋፊ ነው፣
ጓንቱ የግንበኛ፣ ሲሚንቶ የበላው።
አሠልጣኝ አራጋው ያፏጫል በጣቱ፤
ፊሽካውን ጎርፍ በላው፣ አምና በክረምቱ።

«ስንት ሰው ገባ?» ይላል ማታ የስፖርት ቢሮ፤
«ሠላሳ» እላለሁ፣ ያውም ተጨማምሮ።
ከሠላሳው አምስቱ የተጠባባቂ ወንድም፤
አንዱ የጅቡቲ ሹፌር፣
ጎማ ፈንድቶበት እንጂ ኳስ እንኳ አይወድም፤
ሁለቱ የሚመጡት በእኛ ለመሳቅ፤
እነሱም ይከፍላሉ። ሳቅም ዋጋ አለው፣ ይታወቅ።

ሌላው ኮምቦልቻ የታል? ከአስፋልቱ ማዶ፣
በዲኤስቲቪ ቤት፣ ወንበር ለወንበር ታጭቆ፣ ነዶ፣
የሰው አገር ክለብ ሲያገባ ይጮኻል፤
ጩኸቱ ቦርከናን ተሻግሮ እኛ ጋ ይመጣል፤
ኑርዬ አንዳንዴ ለእሱ ይመስለዋል።

ማዘጋጃ ቤት ግን፣ ከደረጃው በላይ፣
ስታዲየም አለን፣ መስታወት ውስጥ የሚታይ፤
ሃያ ሺህ ወንበር፣ ክንፍ ያወጣ ጣሪያ፣
እዚህ አገር ያልበቀለ ዘንባባ በዙሪያ፤
ፊት የሌላቸው ሰዎች፣ ቀጭን፣ ረዣዥም፣
በሣሩ ላይ ይሄዳሉ፣ ወደ የትም።
አንድ ቀን አበሌን ስጠብቅ ቆጠርኳቸው፤
ስልሳ ሁለት ናቸው።
ከእኛ ሕዝብ ይበልጣል የወረቀት ሕዝባቸው።

የመሠረት ድንጋይ ሦስት ጊዜ ተጥሏል፤
በመጀመሪያው ሰንጋ፣ በሁለተኛው በግ ወድቋል፤
በሦስተኛው የታሸገ ውሃ ታድሏል።
ድንጋዮቹን ግን አልናቅንም፤ ሆኑልን ወንበር፤
አራጋው በአንዱ ላይ ቁጭ ይላል፣ ሲቆጣ፣ ሲመክር።

በስብሰባው ዕለት አንዱ ሹም ተነሣ፤
«ለሠላሳ ሰው ነው ይኼ ሁሉ አበሳ?»
አራጋው እጁን አወጣ። «ሰውስ ምን ላይ ይቀመጥ?
እሾህ ላይ? ጭቃ ላይ?» አዳራሹ ሆነ ጸጥ።
ከዚያ ሻይ መጣ። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው
«ጥያቄው ተገቢ ነው» ብቻ ነው።
ስንወጣ «አብሽር» አለኝ፤
ለራሱ ይሁን ለእኔ፣ ዛሬም አልገባኝ።

ዛሬ፣ ሁለት ለባዶ እየተመራን፣
ሃምሳኛው ደቂቃ ላይ፣ ደመና ሲጋርደን፣
አንዲት ሴት መጣች ሮጣ፣ ከፋብሪካ፣ ከፈረቃ፣
ጥጡ ጸጉሯ ላይ ተረጭቶ፣ ነጠላዋን ታጥቃ።
የኑርዬ እናት ናት፣ ዘሀራ። ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣
«ግማሹ አልፎኛል» አለች፣ «የማየው ግማሹን ነው»፤
እጇ አምስት ብር ሰጠ።
ሕጉ «አሥር ብር» ይላል። ሕጉን ግን ያወጣው
ይኼን ሜዳ መቼ ደርሶ አየው?
ቲኬቱን መሐል ለመሐል ቀደድኩት፤
ግማሹን ለእሷ ሰጠሁ፣ ግማሹን ጥራዙ ላይ ተውኩት።

ገመዱን ተሻግራ ከጎሉ ጀርባ ቆመች፤
«ኑርዬ» አላለችም፤ ዝም ብላ አየች።
እሱም አልዞረም፤ ጀርባው ግን አወቀ፤
ቀጥላ የመጣችውን ኳስ አንቆ
ደረቱ ውስጥ ደበቀ።

ተሸነፍን። ማታ ስልኩ አቃጨለ።
«ስንት ገባ?» «ሠላሳ አንድ ተኩል።»
ሰውዬው ዝም አለ።
«ተኩል ሰው የት ታየ?» ብሎ ሳቀብኝ።
«ጻፈው» አልኩት። «ጻፈው እንዳልኩህ።
ካላመንክ እሑድ ና፤
አንተ ግን ሙሉ ክፈለኝ።»