ሁለት ድንች እስኪላጥ

ፖቶሲ ላይ ሌሊት ብርዱ ጥርስ አውጥቷል፤
አየሩ ሳስቶ ሳስቶ ወንፊት ሆኖ ቀርቷል።
ከሞንቴቪዴዮ፣ ከባሕር ጠረፍ ላይ፣
ሦስት ሆነው ወጡ ወደዚህ ሰማይ፦
አባት ኢግናሲዮ፣ ሲልቪና እናቷ፣
አምስት ወር ያልሞላት ሬናታ ልጅቷ።
ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ ታጅለው፣
"ደረስን" ሲባባሉ፣ ሾፌሩ "ገና ነው"።

ሲልቪናን ከፍታው ናላዋን ይዟታል፤
እንደ ጨርቅ ጠምዝዞ አልጋ ላይ ጥሏታል።
ወተቷ ከነጠፈ ወር አልፎት ነበረ፣
የልጅቷ ነገር ከጣሳው አደረ።
የዱቄት ወተት፣ ሰማያዊ ጣሳ፣
ከካልሲዎች መሀል በሌሊት ተነሣ።
በጎኑ የታተመ የጉንዳን ፊደሉ
አፍሉ ይላል፣ ስፈሩ፣ የተረፈውን ጣሉ።

"ውኃ ለማፍላት ደግሞ ምን ምክር ያሻል?"
ብሎ ሳይጨርሰው ይንተከተካል።
ደስ አለው። ጡጦውን ሊሞላ ሲያዘነብል፣
ከጓዳ አንድ ድምፅ፣ "ቆይ" አለው፣ "አትቸኩል።"

ዶኛ ኤውፍራሲያ፣ የማደሪያው እመቤት፣
ጉንጉኗ ከወገብ፣ ዐይኗ እንቅልፍ ያለበት።
"ልጄ፣ ተራራ ላይ ውኃ ቀጣፊ ነው፤
እሳቱ ሳይገባው 'ፈላሁ' ባይ ነው።
አየሩ አይጫነው፣ ክብደት የለው ከላይ፣
በጥቂት ሙቀት ነው አረፋ የሚያሳይ።
አትመነው ቶሎ።"
"ስንት ደቂቃ?" ቢል፣ አልመለሰችለት፤
ከነቢላዋው ሁለት ድንች ዘረጋችለት።
"እራት በልተን የለ?" "ለሰዓት ነው፣ ላጠው፤
ሁለቱ እስኪያልቁ እሳቱን አታጥፋው።"

ላጠ። ከሐምራዊ ልጣጭ ቢጫ ሥጋ ወጣ፤
ከፎቅ የልጅ ለቅሶ እየሾለ መጣ።

"ዋዋ" ነው የሚሉት ሕፃንን በአገሩ፤
በኛ "ዋ!" ሲሉ ነው ሲያስፈራሩ፣ ሲመክሩ።
ዝምድና የለውም፣ ድንገት ነው እንጅ፤
ግን ሁለት ጊዜ "ዋ!" ካልሆነ ምንድር ነው ልጅ?

ሁለተኛው ድንች ሲራቆት፣ እሳቱ ጠፋ።
ጡጦው በሌላ ድስት ተቀቅሎ ወጣ።
እጁን አስታጠበችው እስከ ክርኑ ድረስ፣
የሳሙናው አረፋ ቀለበቱን እስኪያርስ።
ውኃው ገና ትኩስ፣ ዱቄቱ ቀጥሎ፣
ማንኪያው በቢላ ጀርባ ተልጎ፣ ተስተካክሎ።
"አንድ ልጨምር" ቢላት፣ "ርቧታል ልጄን"፣
"ልኩ ልክ ነው" አለች፣ ያዘችው እጁን።
እስከ አንገቱ ድረስ በብርድ ውኃ ቆሞ
ጡጦው ተንዘፈዘፈ እንደ ሰው ታምሞ።
ጠብታ አንጓው ላይ። አልፈጀም። ለብ አለ።

ሬናታ ጠጣች። ግማሹ ሲቀራት፣
እንቅልፍ እንደ ሌባ ከጡጦው ሰረቃት።

አባት የተረፈውን ይዞት ሊያድር ነበር፤
ጣሳው ጎድሏል፣ ሱቁም ተራራ ማዶ ነው።
የሻማ እንጥፍጣፊ የምትሰበስበው፣
አንዱን አጥንት ሦስት ቀን የምትቀቅለው
ያች ሴት ተቀበለችው፣ ደፋችው ወተቱን፣
ፊቷን ሳታጠቁር፣ ሳታይ ነጭነቱን።
"ስድስት ወለድኩኝ" አለች፣ "አሉኝ አምስት።"
ድንቹን ሰብስባ ገባች ወደ ቤት።

አሁን ባሕሩ ዳር፣ በገዛ ቤታቸው፣
ውኃው እውነተኛ ነው፣ አያታልላቸው።
ኢግናሲዮ ግን ማንቆርቆሪያ ሲጥድ
ቢላዋ ይፈልጋል፣ ቅርጫቱን ሲያምስ፣ ሲንድ።
በቀን ስድስት ጡጦ፣ ዐሥራ ሁለት ድንች፤
ሲልቪና መጀመሪያ ሳቀች፣ ኋላ ተወች።
ልጅቷ ትወፍራለች።
ጎረቤቱን ሁሉ፣ እስከ አራተኛ ፎቅ፣
የድንች ሾርባ ሰልችቶታል።