ያልወጣው ቀለበት

«ታክሲ ስጠባበቅ ለገሃር ላይ ቆሜ
ፀሐይ ነው የመታኝ፤ ሌላ የለም ሕመሜ»
አለችኝ ትርንጎ፣ ፈገግ ብላ በማፈር፤
ቀለበቷ ግን ጣቷን ነክሶታል እንደ ክር።

«በስምንት ወር እብጠት ያለ ነው» ባሏ አለ፤
ዓይኗ ግን በጥላ ብልጭታ ተከተለ።

ወረፋ የለም አልኩ፤ ክንዷን ቶሎ አስሬ
ለካሁ፤ ደገምኩት፣ ዓይኔን ተጠራጥሬ።
መቶ ሰባ በመቶ አሥር።

«ቶሎ፣ ማግኒዝየም! መንቀጥቀጡ ሳይቀድም!»
ባሏ «ራስ ምታት እኮ…» አለ፤ አልጨረሰውም።

ሌሊት ልጇ ስታለቅስ ሁሉም እፎይ አለ፤
እኔ ግን ክንዷ ላይ ነኝ፣ ግፊቱ እንዳየለ።

በሦስተኛው ቀን፣ ፊቷን ስትታጠብ፣
ቀለበቱ ሾልኮ
ከሳህኑ ውስጥ ጠብ።