ጉድጓድ፣ ብዛት አንድ

ኮምቦልቻ ፍርድ ቤት በር፣ ከተቀደደ ጃንጥላ ሥር፣
አቤቱታ እጽፋለሁ፣ በገጽ ሠላሳ ብር።
«ለተከበረው ፍርድ ቤት» የሚለውን እጄ ራሱ ይጽፈዋል፤
ሐሳቤ ገና መንገድ ላይ ሳለ እሱ ቀድሞ ደርሷል።

ጦይባ እብሬ መጣች፣ በጥቅምት፣ በአንድ ማክሰኞ፣
የግምቱን ቅጽ ይዛ፤ ቀጠሮዋ ለሰኞ።
አነበብኩላት፦
ማሽላ፣ ሦስት ጥማድ፤ የሦስት ዓመት አማካይ ምርት።
ዘይቱን፣ ፍሬ የያዘ፣ አራት።
የቁልቋል አጥር፣ ግምት የለውም።
ግራዋ፣ ግምት የለውም።
ጉድጓድ፣ ብዛት አንድ።

«አንድ ብቻ? ስንት ክንድ
እንደ ወረደስ? ሙሄ ባሌ ወገቡን ታስሮ በገመድ
ሲቆፍር፣ እኔ አፈሩን ከላይ ስስብ፣
ዐርብ ዐርብን ብቻ አርፈን፣ ክንድ በክንድ ስንወርድ፣
አሥራ ዘጠነኛው ላይ ነው ውሃው እግሩን የላሰው።»
ቅጹን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው።
ለጥልቀት የተሰመረ መስመር የለውም።

ሽማግሌ ያልገባበት አይደለም። አባጋሮቹ ከዋርካው ሥር
ሁለት ቅዳሜ ጠበቁ፤ ኩባንያው የላከው አንድ ልጅ ከነፋይሉ ነበር።
«ውክልና አለኝ» አለ።
ትልቁ አባጋር ከዘራውን አነሣ፦
«እኛ የምናስታርቀው ሰው ነው፤
ወረቀት ቂም አይዝ፣ ወረቀት ይቅር አይል» ብሎ ተነሣ።

ከታች ተፈረደባት። «ለሕዝብ ጥቅም» የሚለው ላይ ስደርስ
ጣቷን መቁጠር ጀመረች፤
ማንን እንደምትቆጥር አልጠየቅኋትም።

ይግባኝ ማለት ለኛ ሐረጎን መውጣት ነው።
ሚኒባሱ ያቃስታል፣ ጉሙ መስኮቱን ይሞላዋል፣
ፋይሏ በስኳር ከረጢት ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ተኝቷል፤
ከላይ ደሴ፣ ጦሳ ሥር፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይጠብቃል።
ወይም አይጠብቅም፤ ዳኛው ስብሰባ ሄደው፣ መብራት ጠፍቶ ይሆናል።

በሦስተኛው ቀጠሮ ሚፍታህ፣ በነጻ የቆመላት ጠበቃ፣
ህንድ አገር ነው የተማረው፣ ከቦርሳው አንድ ፍርድ አወጣ።
እዚያ አንዲት ገበሬ ነበረች፣ አለ፤ መሬቷ ለመንገድ ሲወሰድ
ጉድጓዷ ተቆጥሮ ውሃው ተረሳ፤
ዳኞቹም ሕገ መንግሥታቸውን ገልጠው
«የወረደችበት ልክ ይከፈላት» አሉ።
«የሰው አገር ፍርድ ያስተምራል እንጂ አያስገድድም» አሉ የኛዋ ዳኛ፤
ግን መነጽራቸውን ወልውለው ወረቀቱን አነበቡት እንደገና።

ደረጃው ላይ ጦይባ እጅጌውን ያዘችው።
«ያቺ ሴትዮ ስንት ዓመት ፈጀባት?»
«ሃያ ሁለት።»
«ብሩን እጇ አስገቡላት?»
ሚፍታህ ገጹን ገለጠ፣ መልሶ ገለጠ፣
«‹ወራሾች› ይላል» አለ፤ ድምፁ ወደ ታች ሰረጠ።

ትእዛዙ በጥር ወጣ፦ «የጉድጓዱ ጥልቀት ተለክቶ ይቅረብ።»
ለኪው ሜትሩን ይዞ ሲደርስ ጉድጓዱ አፉን ዘግቷል፤
ዶዘር ደልድሎታል፣ ኮንቴይነር ተቀምጦበታል።
«የሚለካ ነገር የለም» ብሎ ጻፈ። አልዋሸም።

ዛሬ ደግሞ መጣች፣ በጀርባዋ የጠቆረ ገመድ አዝላ፣
ጃንጥላዬ ሥር ዘረጋችው፤ ጠረጴዛዬን ሞላ።
በየክንዱ ቋጠሮ አለው፣ ሙሄ የወረደበት።
ቆጠርነው። አሥራ ስምንት።
እንደገና ቆጠርነው። አሥራ ስምንት።
«አሥራ ዘጠነኛው ውሃው ነው» አለች።

ብዕሬን አነሣሁ። እጄ እንደ ልማዱ አልሮጠም።
ውሃ በየትኛው አንቀጽ እንደሚጠየቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አላውቅም።
«ጻፍ» አለችኝ፣ «ገመድ፣ ብዛት አንድ።»
ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ፣
«ያቺ የህንዷ» አለች፣ «ገመድ ነበራት እንዴ?»