የበሩ መቃን

በወጥ ቤታችን በር፥ በእንጨቱ መቃን ላይ፣
ሁለት መሰላል አለ፥ በእርሳስ የተሳለ፥ ላስተዋለ የሚታይ።
በግራ በኩል እኔ፥ ከጉልበት እስከ ትከሻ፤
በቀኝ የአባቴ ገንዘብ፥ ከዕዳ ጀምሮ እስከ መጨረሻ።

«ሄልካ፥ አራት ዓመቷ፥ አንድ ሜትር ከሁለት» ይላል የኔው መስመር፤
ትይዩው፥ በዚያው ቀን፥ «የመኪናው ዕዳ አለቀ።» ነጥብ። ሌላ ነገር
አልጻፈም። አባቴ ቃል አያባክንም፤
ቃልም እንደ ሳንቲም ነው፤ ዝም ብሎ አይበተንም።

የታምፔሬ ክረምት ረጅም ነው፤ ጠዋቱም ጨለማ።
እሱ በብስክሌት ይወጣል፥ ከጎማው ሥር በረዶው ሲንኮሻኮሽ እየሰማ።
በከረጢቱ ጥቁር ዳቦ፥ የትናንት ማታ ድንች፣
እናቴ ኡላ ጨው ነስንሳ በጋዜጣ ትጠቀልላለች።
የወረቀት ፋብሪካው ሰዎች ይስቁበታል፦ «ታርሞ፥ ይህን ሁሉ ለማን ልታወርስ?»
መልስ የለውም፤ ከማሽኑ ሥር ተንጋሎ ዘይቱን ከግንባሩ ሲያብስ።

ምክንያቱን አውቃለሁ። አያቴ ሄይሞ በዚያው ማሽን ሥር
አርባ አንድ ዓመት ሠርቶ፥ ለጡረታው ሰባት ወር ሲቀር፣
ሐሙስ ማታ «ደከመኝ» አለ፤ ዓርብ ጠዋት ቀዝቅዞ ተገኘ።
ፋብሪካው የግድግዳ ሰዓት ላከ፥ «ለታታሪው ሠራተኛ» የሚል፤
አባቴ አገላብጦ አየውና አንድ ነገር ተመኘ።

የመጀመሪያው አሥር ሺህ ዩሮ፦ የወተት ጥርሴ የወለቀ ዕለት፤
የቤቱ ብድር ማለቂያ፦ እናቴ ያለቀሰችበት፣
ደስታ ይሁን ድካም ሳይለይ። ማታ ሳውና ገባን፥ ውሃ በድንጋዩ ላይ ረጨን፤
ስለ ባንኩ ማንም ቃል አላወጣ፤ ላባችን ብቻ ነገረን።

መቶ ሺህ፦ መቃኑ ላይ ከትከሻዬ ከፍ ብሎ፤
ያን ዓመት የክፍሌ ልጆች ላፕላንድ ሲሄዱ እኔ ቀረሁ፥ «ሌላ ጊዜ» ተብሎ።
ሌላ ጊዜ አልመጣም። እዚህ ላይ የኔ መስመር ይቆማል፤
አሥራ አምስት ዓመቴ። ከዚያ በላይ የአባቴ ብቻ ይቀጥላል።
ሁለት መቶ፥ ሁለት መቶ ሰባ… የእናቴ ካፖርት ክርኑ ላይ ተጣፈ፤
«ቀን እስኪያልፍ ስንል» አለች አንዴ፥ «ቀናችንም አብሮ አለፈ።»

ባለፈው ሚያዝያ፥ በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ፥ ቁጥሩ ሞላ።
ከእንግዲህ ሥራው የገንዘቡ ነው፤ እሱ ይተኛ፥ እሱ ይብላ።
የመልቀቂያ ደብዳቤ ሰጠ፤ ቁልፉን መለሰ፤ ኬክ ቆረሱለት፤
ይስቁበት የነበሩት ሁሉ «እንዴት አደረግኸው?» አሉት።

ሰኞ ግን፥ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፥ የእናቴ እንቅልፍ ቢቆረጥ፣
ወጥ ቤት አገኘችው፦ ጫማውን አስሮ፥ በመስኮት ወደ ብስክሌቱ ሲያፈጥ።
«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። «እንጃ» አለ። «ልምድ ነው» አለ ቆይቶ።
ምሳውን ጠቅልሎ ነበር፤ ድንቹን ከትናንት አስቀርቶ።

ሰኔ ላይ ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ቀኑ አልመሽ ብሎ ሲዘገይ፣
አባቴ እርሳስ ይዞ መጣ፤ «ነይ» አለኝ፥ «ቁሚ መቃኑ ላይ።»
«አባዬ፥ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው!» «ቁሚ» አለ። ተረከዜን አስጠጋሁ።
መዳፉ አናቴ ላይ አረፈ። የማሽን ዘይት ሽታውን ፈለግሁ፥ አጣሁ።

መስመሩ በድሮው መስመር ላይ ወደቀ፤ ልክ በልክ፥ እንደ ታጠፈ ወረቀት።
«አላደግሽም» አለ፤ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቀረበት።
ቁጥር አዋቂው ሰው አሥራ አንዱን ዓመት አንድ በአንድ ቆጠረ በጣቱ፤
እርሳሱን ወደ ቀኙ አዞረ፥ ቆመ፥ ቃል ሳይወጣ ከአንደበቱ።

ምንም አልጻፈም።
እርሳሱን ሰጠኝና ጀርባውን አስጠጋ፦ «በይ፥ አሁን እኔን ለኪኝ።»
በእግሬ ጣት ተንጠራራሁ። ሽበቱ መዳፌን ነካኝ።
ትንፋሹን ይዞ፥ እንደ ልጅ ተገትሮ ሲጠብቅ፥ መስመሩን ሳሰምር፣
ከመቶ ሺሁ በላይ ሆነ፤
ከመጨረሻው ቁጥር በታች፥ ትንሽ ሲቀር።