አንድ ሜትር ተኩል

ሙዘሚል ዐጅማን ወደብ፣ የበረዶ ፋብሪካ ነው የሚሠራ፤
እኔ ደግሞ ሻርጃ፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ከሰሜን ዋልታ ባሕር ጋራ።
እሱ በረዶ ይነካል። እኔ ቁጥሩን እነካለሁ።
ዓርብ ዓርብ ምሳ አብረን በልተን፣ የሳምንቱን አወራዋለሁ።

«ስንት ነው ውፍረቱ?» አለኝ፣ ሩዙን በሎሚ እያራሰ፣
ትእዛዝ የሚቀበል ይመስል፣ ጣቱን በጣቱ እየዳሰሰ።
«አንድ ሜትር ተኩል።»
«የቱ ጋ?»
«ሁሉም ጋ።»
«በስንት ወር?»
«ክረምት ከበጋ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ሳያልቅ ግንባሩ ተሸበሸበ።
«እንዲህ ያለ በረዶ ማን ሠራ? ለማንስ አስረከበ?
የኔ ማሽን እንኳ አንድ ውሃ፣ አንድ ጣሳ፣ አንድ ሰዓት ተሰጥቶት
ዳሩ ቀድሞ ይጠነክራል፤ መሃሉ ይነጣል አየር ገብቶት።»

እንዴት ላስረዳው? መዝገቡ የብዙ ሰው ድካሙ፣ ትጋቱ፤
ሳተላይት ያየውን፣ መርከብ የላከውን፣ ፊኛ የለካውን በየንጋቱ፣
ሰባ ዓመት ሙሉ ሰብስቦ፣ የጎደለውን በስሌት እየሞላ
እንደ ሰሌን ያነጥፈዋል፤ አንድ ቀዳዳ የለው ኋላ።

«ግን በረዶው ላይ በረዶ የለም» ስለው አልገባውም፤
አንድ ቃል ነው ያለን፣ ለባሕሩም፣ ቆርቆሮ ለሚደበድበውም።
«አመዳዩን ማለቴ ነው፤ ከላይ የሚለብሰውን ጋቢ፤
ሞዴሉ ራቁቱን አስተኛው፣ የዋልታን ሌሊት ያለ ደራቢ።
ከሥር የባሕሩ ሙቀት ሾልኮ ይወጣል ወደ ላይ፤
ብርዱ እንዳለ አይመዘገብም፤ ይለዝባል ወረቀቱ ላይ።»

ባለፈው ጥር አንድ ቴርሞሜትር፣ ተንሳፋፊው ላይ የተተከለ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ብሎ ላከ፤ መዝገቡ ሃያ አራት አለ።
ሰባት ዲግሪ።
ሰባቱን ይዤ ወር ተቀመጥኩ። ከዐጅማን እስከ ዱባይ መግቢያ
በሚያህል ስፋት አንድ ቁጥር ብቻ፤ ስንጥቁ የለው መታያ።

«ነይ» አለኝ ማታ። ፋብሪካው ደጅ አርባ አንድ ነበር ሙቀቱ፤
መኪናው ላይ ብሎክ ይደረድራል፤ ነጭ እንፋሎት ይወጣል ካናቱ።
እርጥብ ጆንያ ደረበበት፣ እንደ ሕፃን ጥግ ጥጉን ወትፎ፤
«ራቁቱን የጫንኩት ቀን፣ ኡም አል ቁዌይን የደረሰው ከስንት አንዱ ነው ተርፎ።
ይኼን አያውቅም ያንቺ ማሽን?»

«የሠሩት ሰዎች ያውቃሉ፤ ጽፈውታል በግርጌ ማስታወሻ።
ያልተለካ ቦታ ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፣ ለስሌት መነሻ።»
ዝም አለ። ለሱ መነሻው ጆንያው ነው።

እጄን ከጆንያው ሥር ሰደድኩ። ቀዘቀዘ፣ አመመ፣ ደነዘዘ፤
ዐሥራ አንድ ዓመት የጻፈው እጄ፣ በረዶ ገና ዛሬ ያዘ።

መኪናው ሲሄድ ጠብታው አስፋልቱ ላይ መስመር ጣለ፤
ተከተልኩት እስከ መብራቱ። ከዚያ ደረቀ። ምልክት የለ።
የቀረውን መንገድ፣ እንደ ልማዴ፣
ከዳርና ዳሩ ተነሥቼ ሞላሁት በሆዴ።