ዘበኛ ፍለጋ

ሸዋበር ላይ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣
ጭጋግ መስኮቴ ሥር ሲያድር ከጦሳ ኮብልሎ፣
አንዲት ኮምፒውተር አለችኝ አሮጌ፣
ዕቁቤ ሲወጣ የገዛሁ ፈልጌ።
የሰው አቤቱታ እጽፍባታለሁ፣
ውክልና፣ የኪራይ ውል፣ ፍቺም ጽፌ አድራለሁ።
ባለጉዳይ ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤
«ቶሎ በይ ዘምዘም፣ ችሎቱ ሊሰየም ነው» ይላል።

አንድ ማክሰኞ ጧት ከፍቼ ባያት
ፎልደሩ በሙሉ ጥላ ሆነባት።
ስሙ አለ፤ ሰውየው የለም።
አቋራጭ፣ አቋራጭ፣ አቋራጭ፤ የትም አያደርስም።
የእነ አቶ አራጋው ውርስ፣ የዘሪቱ ፍቺ፣
የስድስት ዓመት ሥራዬ ከውስጥ ነው ከውጪ?

ፒያሳ ወጣሁ፤ ቶፊቅ ጋ፣ ከደረጃው ሥር፣
ሱቁ ጋሻ በጋሻ ነው፤ ግድግዳው እስከ በር።
«ይሄኛው» አለ «ጎበዝ ነው፤ ብቻ በዶላር ይከፈላል።»
ዶላር! እኔ ቤት ብሩም ተቆጥሮ ያድራል።
«ይሄ ደሞ ቁልፉ የተሰበረ ነው፤ ሁለት መቶ ብር፣ ለዘላለም።»
ሌባ እንዲጠብቅልኝ የተሰረቀ ዘበኛ? አልገዛሁም።
«በይ እንግዲህ ይሄን ነጻውን፤ ሠላሳ ቀን ይታገስሻል፣
ከዚያ ወዲያ በቀይ ቀለም ጧት ማታ ይጮኽብሻል።»

ነጻውን ጫንኩት።
የባለጸጋ ዘበኛ ነው፤ ቤቱን ሞልቶ ተቀመጠ፤
አንድ መስመር እስክጽፍ ባለጉዳዩ አሸለበ፣ ችሎቱም አመለጠ።
ሌሊቱን ሲያስስ አደረ። ጧት «ያዝኩ» አለኝ፤ ሮጬ ባይ
የአማርኛ መጻፊያዬን አስሮታል፤ ጥፋቱን ሳያሳይ።
«የማይታወቅ» ይለዋል፤ «አጠራጣሪ ፍጡር»፤
«ሀ» ብዬ ስነካ ወጣ የፈረንጅ ፊደል ድርድር።
የቤቱ ልጅ ከርቸሌ፣
ሌባው ከነጫማው አልጋዬ ላይ። አይ ዕድሌ!

ጋሽ ይመር ለጡረታው ደብዳቤ ሊያስጽፍ መጥቶ
ሳለቅስ አገኘኝ። ሰማኝ፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ዝም ብሎ ቆይቶ።
«ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቁ በር ላይ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቆሜያለሁ።
ዱላዬን አንድም ቀን አላነሳሁም። የሚገባውን ስም እጠይቃለሁ፣
የሚወጣውን ቦርሳ አያለሁ።
ደሞ ማታ ፈረቃ ስንለዋወጥ ‹ምን አዲስ ሌባ መጣ?› እንባባላለን፤
የትናንቱን ብቻ የሚያውቅ ዘበኛ ካለ፣ እኛ የተኛ እንለዋለን።»

ከኮምፒውተሯ ጋር አብሮ የመጣውን፣ ድሮ ያጠፋሁትን ዘበኛ ቀሰቀስኩ፤
ሌሊት፣ ጥቅል ሲረክስ፣ ኢንተርኔት ገዝቼ የቀኑን ወሬ አጎረስኩ።
ዘሪቱ ከነፍቺዋ ተገኘች፤ ለካ ተደብቃ ኖሯል።
ሰነዱን በሙሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጬ
ከሰርግ ልብሴ ሥር፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት፣ ከሁሉ አስበልጬ።

የቀረኝ አፌ ነበር።
ወሎ አይደለሁ? በኛ ቤት እንግዳ «ማነህ?» አይባልም፤
ይገባል፣ ይጎርሳል፤ ስሙን ከጠገበ በኋላ ብንጠይቅ አይመሽም።
ፍላሹን ዘርግቶ ለቆመ ሰው «ቆይ፣ ይፈተሽ» ማለት
እንዴት ይከብዳል! እትዬ ሙሉነሽን ያልኳት ዕለት
«በሽታ አለብሽ በይኛ!» ብላ ተቆጥታ ወጣች፤
በሩን ሳትዘጋው፣ ብርዱን ትታልኝ ሄደች።

ከቁጭቴ ብዛት፣ እንዳላዳላ፣
የራሴን ፍላሽ ሰካሁ፣ የማላበድረውን ለሌላ።
አረንጓዴው መስመር እየተሳበ፣ እየተሳበ ሄደና
ቆመ።
አሥራ አንድ።

ሻርፔን አነሳሁ።
እትዬ ሙሉነሽ ገና አስፋልቱን አልተሻገረችም።