የሰደፍ ልክ

ጋርዶኔ፣ ከሜላ ወንዝ ማዶ፣ ዛኔታ ሱቅ ገባሁና፣
የበለዘ ትከሻዬን ገልጬ ሳላሳየው ገና፣
መሣሪያውንም ዞር ብሎ ሳያይ አንገቴን ለካ በክር።
«አንቺ መለሎ ነሽ» አለኝ፣ «ይሄ የተሰፋው ላጭር።»

የሰደፉን የታች ጥግ፣ ደረቴን የሚወጋውን፣ ፋቀ፤
ከኋላው ጎማ ቀጠለ፤ ቀና ብሎም ጠየቀ፦
«ለምንድን ነው የምትሰግጂ? አንገት ለእንጨት አይደፋም፤
እንጨቱ ይምጣ ወደ ጉንጭ፤ ገሉ ካይንሽ አይጠፋም።»

ሁለት ሳምንት፣ መስታወት ፊት፣ ባዶውን አነሣሁ፣ ጣልኩ፤
ከጉንጭ ቀድሞ ትከሻ ሲደርስ እንደገና ጀመርኩ።

እሁድ። ዝናቡ አባርቷል። «ፑል!»
ብርቱካንማው ሳህን ተነሣ፤
ደቀቀ።

እኔ ግን ጥርሴን ነክሼ
ያልመጣውን ሕመም
ቆሜ ስጠብቅ ነበር።